ከቅጥሩ ውጭ ያሉት

የካቲት 24፣ ሰኞ

ሚስቴ ያምሮት «ከራስህ ጋር ማውራት ጀምረሃል» አለችኝ። ለግድግዳ ከማወራ ለወረቀት ላውራ ብዬ ይህን ደብተር ከቢሮ አመጣሁ። ለቃለ ጉባኤ ተብሎ የታደለ ነው፤ ቃለ ጉባኤ አሁን በኮምፒውተር ስለሚጻፍ መሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሶ ነበር።

የዩኒቨርሲቲው ፋይል ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። ወይራምባ ከቡሬ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ያላት ትንሽ የድሮ ከተማ ናት፤ እኔ ደግሞ የፕላን ክፍሏ ብቸኛ ባለሙያ ነኝ። ክፍሉ እኔ፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ የማይዘጋ መስኮት ነን። ዩኒቨርሲቲው ባለ አራት ፎቅ የመማሪያ ሕንጻ ሊሠራልን ነው። ቦታው ከማርያም ቤተ ክርስቲያን የጥንት የድንጋይ ቅጥር ወዲያ ያለው ሜዳ ነው። የቅርስ ሰዎች መጥተው ለቅጥሩ ሃያ ሜትር ይተውለት ብለዋል፤ በሃያው ሜትር ላይ የመኪና መንገድና የጎርፍ ቦይ ያልፋል። ሁሉም ተስማምቷል። የቀረው የእኔ የመስክ ምልከታ ቅጽ ብቻ ነው።

አለቃዬ አቶ ላቀው በሩ ላይ ቆመው፣ «ወንዳወቅ፣ ከፋሲካ በፊት የፕላን ስምምነቱ እጃቸው ካልገባ ክረምት ይደርሳል፤ ሕንጻውን የዱርቤቴ ከተማ ይወስደዋል። ያኔ ከተማው የሚረግመው እኔን አይደለም» አሉኝ። እየሳቁ ነው የተናገሩት። ሰውየው ሲስቁም ሰዓታቸውን ያያሉ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ቅጹን ሞላሁ። ፈረምሁ። ማህተም ተመታበት። ተገላገልሁ።

ማታ። አልተገላገልሁም። የሜዳውን ሦስት ጎን በእግሬ ዞሬ አይቻለሁ፤ ችካል ተክያለሁ፣ በሜትር ለክቻለሁ። አራተኛውን፣ የቅጥሩን ጎን፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ ከሳተላይት ምስል ላይ ወሰድሁት። ነፋስ ነበር። አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ደግሞም ምስሉ ጥሩ ነው፤ አንዲት ዛፍ ሳትቀር ያሳያል። ስንቱ ባለሙያ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ተራ ቁጥር ሰባት ላይ «በቦታው መቃብር፦ አለ / የለም» ይላል። «የለም» የሚለውን ከበብሁ። ማስረጃም አለኝ። የደብሩ መሪጌታ ባንተአምላክ በማህተም የጻፉት ደብዳቤ «ከቅጥራችን ውጭ ደብሩ የመዘገበው መቃብር የለም» ይላል። እኔ ከመሪጌታ በልጬ ላውቅ ነው?

ነፋስ ነበር። ከላይ ጽፌዋለሁ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ኢንጂነር ሕሊና ሥዕሉን ይዛ መጣች። ዩኒቨርሲቲው የላካት አስተባባሪ ናት፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቀጥተኛ፣ ነጭ ጫማዋ በእኛ አፈር ቀይ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሥዕሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ በእርሳሷ ቅጥሩን ተከትላ ወረደች።

«አቶ ወንዳወቅ፣ ቅጥሩ ሥር ያለው እሬት ለምንድን ነው በመስመር የበቀለው? የሰው እጅ ያለበት ነው የሚመስለው።»

«አጥር ይሆናል» አልሁ።

«ለከብት?»

«ለከብት።»

አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? ባለሙያ ነኝ። በሥዕሉ ላይ ያለው ጽሑፍ «ቁጥቋጦ፣ ይመነጠራል» ይላል። ፊደሉ ቆንጆ ነው፣ ጥርት ያለ። ከሄደች በኋላ ሥዕሉን ጠቅልዬ ቁምሳጥን አናት ላይ አስቀመጥሁት። ከዚያ አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ከዚያ መልሼ ሰቀልሁት።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

የቡሬ መንገድ ዛሬም ተዘግቷል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኔትወርክ የለም። አቶ ላቀው ሁለት ጊዜ መጡ፤ «ደረሰ?» «ደረሰ።»

ባጃጅ ውስጥ ሁለት ጎረምሶች፦ «ካምፓሱ ከተከፈተማ ወይራምባ ከተማ ሆነች በለኛ።» «በዚያ ሜዳ ላይ? እናቴ እዚያ ሜዳ ላይ ማታ አትለፉ ትለን ነበር።» «ለምን?» «እኔ ምን አውቄ። እሷም አትናገርም።»

ወረድሁ። ቤቴ ገና ሩቅ ነበር።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ጠሩኝ። ከቅጥሩ ጥግ ባለች አንዲት ክፍል የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁትም፣ ዓይናቸው ግን አይስትም።

«ወንዳወቅ ልጄ፣ መሬቱን የምትለካው አንተ ነህ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ።»

«መንገዱ በነዚያ ላይ ነው የሚያልፍ?»

«የትኞቹን ነው የሚሉኝ?» አልሁ።

ጉድጓዱን በገዛ እጃቸው ያሳዩኝን ሴት ነው እንዲህ ብዬ የጠየቅሁት። አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ደግ» አሉ። «እንግዲያ እኔ ልምጣና ላስመዝግብ?»

«ደንቡ የሥጋ ዘመድ ነው የሚለው።»

«እኔ ሌላ ዘመድ የለኝም፤ ያሉኝ እነሱ ናቸው» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም። እንግዲህ ልጻፈው። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን ፍትሐት የለውም፤ በእኛ ደብር ከቅጥሩ ውስጥም አይገባም። ድንኳን አይጣልለትም፤ እድር አይጠራም። አባትየው ጠቅልሎ ያመጣዋል፤ እማሆይ ቦታውን ያሳያሉ፤ አፈር ይመለስና አንድ እሬት ይተከላል። እናትየዋን «እግዚአብሔር ሌላ ይስጥሽ» ይሏታል። ልቅሶው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙን የሚያነሣ የለም፤ ወላጆቹም አያነሱም። ሳተላይቱ ቁጥቋጦ ያለው ያን እሬት ነው።

የእኛም እዚያ አለች።

ያምሮት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ጓሮ ዞራ ነው የምትመጣው። እኔ በር ላይ እጠብቃታለሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ ነው። የት ቆየሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እስክትመጣ ሰላምታ አበዛለሁ፤ የአቶ ተስፋውን ላሞች ሳይቀር በየስማቸው እጠይቃለሁ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

መሪጌታ ባንተአምላክ ጋ ሄድሁ። ተማሪዎቻቸውን ቅኔ እያስቆጠሩ ነበር፤ አሰናብተው በግምጃ የተሸፈነች መደባቸው ላይ አስቀመጡኝ።

«ደብዳቤው እንከን አለው እንዴ?» አሉ።

«የለውም መሪጌታ። ግን ከቅጥሩ ውጭ…»

«አውቃለሁ።» ተነሥተው በሩን ገፋ አደረጉ። «ደብሩ የመዘገበው ነው ያልሁት። ፍትሐት ያልተደረገለትን በምን መዝገብ ልጻፈው? የማን ነው ብባል ምን ልበል? ወላጆቹ በጨለማ ያመጡትን እኔ በፀሐይ ስማቸውን ልጥራ? ያ የኔ ሥልጣን አይደለም።» ከዚያ ጺማቸውን እየዳበሱ፣ «አንተ ግን ቦታውን አይተኸው ነው የፈረምኸው?»

«አዎ፣ አይቼው ነው።»

«እንግዲያ ካንተ በላይ ማን ያውቃል» አሉ። ስድብ አልነበረም። እውነት አምነውኝ ነው።

ቀኑን ሙሉ አንድ ሥራ አልሠራሁም። ጾም ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

አቶ ላቀው ቢሮ ገባሁ። «የአካባቢው ሰው ቅሬታ ሊኖረው ይችላል» አልሁ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከእኔ ሌላ የሚያምር አድርጎ የሚናገረው የለም።

«ማን ነው ቅሬታ ያለው?»

«በስም አላውቅም።»

ሰዓታቸውን አዩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሁለት ሴት ልጆቻቸው ባሕር ዳር ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት፣ ሦስተኛዋ እዚሁ እንድትማርላቸው ይፈልጋሉ።

«ያልነገሩኝን አልሰማም፣ ወንዳወቅ። እንዲህ አድርግ። ማስታወቂያ ለጥፍ፤ አሥራ አምስት ቀን። በሜዳው ላይ የሥጋ ዘመዱ የተቀበረበት ሰው ካለ መጥቶ ስሙን ያስመዝግብ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ ከተመዘገበ መንገዱም ቦዩም በማዶ በኩል ይዙር እላለሁ። ማንም ካልመጣ ይጸድቃል። መዝገቡን አንተው ያዝ።»

ሕሊናን ጠየቅኋት። «በማዶ ማዞር የሦስት ቀን ሥራ ነው» አለች። «ግን ያለ ምክንያት አላዞርም። ምክንያቱን በወረቀት ስጡኝ።»

ማስታወቂያውን በእጄ ጻፍሁት፤ ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሷል። ለጠፍሁት። ጥሩ ሠርቻለሁ። ከእንግዲህ ነገሩ በሕዝቡ እጅ ነው።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ማንም አልመጣም።

መስኮቴ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ለፊት ነው። አንዲት ሴት ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማ ቆመች። አነበበች፤ ወይም ሰው አነበበላት። ከረጢቱን ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ አዛወረች። ሄደች።

አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጥቂት ቆመው መልሰው አደረጉ። በሌላ በኩል ያለው የጨረታ ማስታወቂያ ነው፤ ለጨረታ ኮፍያ የሚያወልቅ የለም።

ለምን አይገቡም? በሩ ክፍት ነው። እኔ እዚህ ነኝ።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ማንም።

የማይዘጋውን መስኮት ላስተካክል ብዬ መስታወቱን ሰበርሁት።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

አምስት ቀን ቀረ። መዝገቡ ነጭ ነው። በየቀኑ ከፍቼ አያለሁ፤ ሌሊት ማን ይጽፍበታል ብዬ እንደሆነ እንጃ።

ሰዎች እንዴት ይህን ያህል ይፈራሉ? ስም ማስመዝገብ ነው፣ ሌላ ምን አለው። አንድ መስመር ነው። እናቶቹን አልወቅስም። አባቶቹ ግን የት ናቸው? በየጠጅ ቤቱ አፋቸው አይገጥም፤ እዚህ ሲሆን ጠፉ። ተናድጃለሁ። ከልቤ ተናድጃለሁ።

ራት ላይ ያምሮት ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ያ ቦታ ባዶ ነው ብሎ የፈረመው ማን ነው?» አለች።

«ኮሚቴ ነው።»

«ኮሚቴ እጅ አለው?»

አንደኛ ክፍል ነው የምታስተምር፤ የሁሉንም ልጅ የእጅ ጽሑፍ ትለያለች። ማስታወቂያው በእኔ እጅ እንደተጻፈ አውቃለች። ሽሮዋን አቀረበች፣ በላን። በሁለታችን መካከል ጨው እንኳ አቀብዪኝ የሚል ድምፅ አልተሰማም። ጨው አንሶት ነበር።

መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ገብር ኄር

የዛሬው ስብከት ስለ ታማኝ አገልጋይ ነበር። ጆሮዬን አሳከከኝ። በር ላይ ቆሜ ያምሮትን ጠበቅኋት። ከወትሮው ቆየች። ስትመጣ ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ አፈር ነክቶት ነበር፤ አላራገፈችውም። ያላየሁት መስሏት አይደለም፤ ባየው ግድ የላትም።

አሁን ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ እሷ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ልጻፈው፤ ካልጻፍሁት ሳምንቱን አላልፈውም።

ሰባ አንድ ቀኗ ነበር። ሸጋዬ ያለቻት እናቴ ናት፤ ክርስትና እስክትነሣ የቤት ስም ይሁናት ብላ። ዘጠኝ ቀን ነበር የቀራት። የክርስትና እናቷ ተመርጣለች፤ ጌሾው ተወቅጧል። ማክሰኞ ማታ ትንፋሿ ያጥር ጀመር። ያምሮት ረቡዕ ንጋት ላይ፣ «ቄስ ጥራ» አለችኝ። ለታመመ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ ይጠመቅለታል፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ሁሉም ያውቃል። የቄሱ ቤት ከቤታችን የድንጋይ ውርወራ ነው። «ጉንፋን ለያዛት ልጅ ቄስ ይጠራል እንዴ?» አልኋት። ሁለተኛ አለችኝ። «ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው፣ በወጉ ትነሣለች፤ አታሟርቺ» አልኋት። አታሟርቺ አልኋት።

እኔ ያን ጊዜ ቄስ ከጠራሁ ትሞታለች ብዬ የፈረምሁ መሰለኝ። እኔ አልፈርምም አልሁ። ሚኒባስ ይዘን ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስንወርድ ማንኩሳን ሳናልፍ እጄ ላይ ቀለለችኝ። ሾፌሩ ገብቶት ሳይጠይቀኝ መኪናውን አዞረ።

ማታውኑ በጋቢዬ ጠቅልዬ ወደ ቅጥሩ ወሰድኋት። እማሆይ ፋኖስ ይዘው ቆመው ነበር። ቀባሪዋ እኔና እሳቸው ነን። ያለ ጋቢ ወደ ቤት ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ ጋቢ ለብሼ አላውቅም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ይከብደኛል እላለሁ። ከዚያ ወዲህም ወደዚያ ጎን በእግሬ ረግጬ አላውቅም። ያምሮት አንድ ቀን እንኳ «ነግሬህ ነበር» ብላኝ አታውቅም።

የቀረው ሦስት ቀን ነው። አንድ ሰው ይመጣል። ከአርባ በላይ እሬት አለ፤ እንዴት አንድ ሰው ይጠፋል?

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ማንም። አቶ ላቀው፦ «ነገ አሥራ አንድ ተኩል ላይ መዝገቡን ዝጋና አምጣልኝ።»

ሕሊና ከመሄዷ በፊት፣ «አቶ ወንዳወቅ፣ አሞዎታል?» አለችኝ። «ጾሙ ነው» አልሁ። «እኔም እጾማለሁ» አለች፤ ሄደች።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ፊደሌ ዛሬ አያምርም።

እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ማንም አልመጣም። መዝገቡን ከፍቼ እስክሪብቶውን ክዳኑን እየከፈትሁ እየዘጋሁ ተቀመጥሁ። እየከፈትሁ እየዘጋሁ። አንድ መስመር ነው፤ ማንም ሊጽፈው ይችላል። አሥር ተኩል ሲሆን አንድ ሰው መስኮቱ ፊት ቆመ። ቀና አላልሁም።

«አቤት» አልሁ፣ ለባለጉዳይ እንደምለው።

«ለማስመዝገብ ነው የመጣሁት።»

ያምሮት ናት። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ነው የመጣችው፤ እጅጌዋ ላይ ጠመኔ አለ። ወደ ውስጥ አልገባችም። እንደ ማንኛውም ሰው ከመስኮቱ ውጭ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። የማውቀው ቅጹን ብቻ ነው። ስለዚህ ቅጹን ጠየቅኋት።

«የአመልካች ስም?»

«ያምሮት አለበል።»

«ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና?» ያለዎት አልኋት። ሚስቴን።

«እናት።»

«የሟች ስም?»

«ሸጋዬ።»

ሰባት ዓመት በቤታችን ውስጥ ይህ ስም አልተጠራም። እሷም ለእኔ አልጠራችው፣ እኔም ለእሷ። ከመስኮቱ ውጭ ቆማ በደህና ድምፅ ጠራችው፤ ክፍል ውስጥ ስም ስትጠራ እንደምትጠራው። ጻፍሁት። ቀጣዩ ክፍት ቦታ የአባት ስም ነው። ከወረቀቱ ቀና ሳልል ጠየቅሁ።

«የአባት ስም?»

ጠመኔውን ከእጅጌዋ አራገፈች።

«እሱን አንተ ጻፈው» አለች።

ጻፍሁት። ሸጋዬ ወንዳወቅ። የልጄን ስም ከነአባቷ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። የክርስትና ወረቀት የላትም፣ የክትባት ካርዷ ላይም ነርሷ «ሕፃን» ብላ ነበር የሞላችው። ከዚህ መዝገብ ሌላ የተጻፈችበት የለም። ቀለሙ ላይ እንባዬ ወረደበት፤ በእጅጌዬ ስጠርገው ተለቀለቀ። እንደገና ከሥሩ ጻፍሁት። የአመልካች ፊርማ አጠገብ እኔም ፈረምሁ፤ «አባት» ብዬ።

«ከኋላሽ ሰው አለ?» አልኋት።

«አሉ» አለች። «ቀድሞ የሚገባ ሰው ነበር ያጡት።»

ባለ ከረጢቷ ሴት ገባች። ኮፍያቸውን ያወለቁት ሽማግሌም ገቡ፤ የእሳቸው ልጅ ከተቀበረ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ የእናትየዋን ስም እንዳልሳሳት ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። መዝገቡን ስዘጋ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

አቶ ላቀው መዝገቡን አነበቡ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆሙ።

«ቦታውን አይተህ ነው የፈረምኸው?»

«የቅጥሩን ጎን አላየሁም። ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው የሞላሁት።»

«ለምን?»

«ልጄ እዚያ ስላለች።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ አሥራ አምስት ቀን አይጠፋም ነበር፣ ወንዳወቅ። ማስታወቂያም አያስፈልግም ነበር።» ከዚያ መነጽሩን መልሰው፣ «የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርስሃል። የምጽፈው እኔው ነኝ፤ ቅር አይበልህ። ሕንጻው ይሠራል፣ መንገዱ ይዞራል። ካቢኔው ሚያዝያ 6 ይሰበሰባል። አዲስ ቅጽ አምጣልኝ። በእግርህ ሄደህ።»

ቅር አላለኝም። ይገባኛል።

ሕሊና ምክንያቱን በወረቀት ስሰጣት ቆማ አነበበችው። ሥዕሉን አውጥታ «ቁጥቋጦ» የሚለውን በላጲስ ጠረገችው። ስለ ከብቱ አጥር አላነሣችብኝም።

መጋቢት 28፣ እሑድ

አልሄድሁም። ነገ።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

እስከ ቅጥሩ ማዕዘን ደረስሁ። ሜትሩን ከኪሴ አወጣሁ። ስልክ ተደወለልኝ፤ ባይደወልም እመለስ ነበር።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ሕሊና አዲሱን ሥዕል ጨረሰች። መንገዱ በማዶ፣ ቦዩም በማዶ። «ያንተ ቁጥር ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ። አንተ ማለት ጀምራለች፤ ቅር አላለኝም።

ሚያዝያ 5፣ ሆሣዕና

ከቅዳሴ በኋላ ያምሮት ወደ ጓሮ መንገድ ስትጀምር በር ላይ አልቆምሁም። ተከተልኋት። አልዞረችም፤ ግን እርምጃዋን ቀነሰች። እማሆይ ቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ «በመጨረሻ» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም።

እሬቱ ከምስሉ ላይ ካየሁት ይበዛል። እማሆይ በመቋሚያቸው እየነኩ ቆጠሩልኝ፤ ስም ግን አልጠሩም፣ «የላይኛው ሰፈር፣ የወፍጮ ቤቷ፣ የሁለቱ እኅትማማቾች» እያሉ። አርባ ሦስት። ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ «አለ» የሚለውን ከበብሁ፣ ቁጥሩን ጻፍሁ።

ከዚያ ወደ እሷ ሄድሁ። ቦታውን አልረሳሁትም። በቅጥሩ ግንብ ላይ የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ከእሱ ትይዩ ነው። ሰባት ዓመት ዓይኔን ስጨፍን የማየው ድንጋይ ነው። እሬቱ ፊት ቆምሁና፣ «ይኸው» አልሁ።

ያምሮት ክንዴን ያዘችኝ። ወደ ግራ ወሰደችኝ። ሁለት እርምጃ። አነስ ያለ፣ ሥሩ የተኮተኮተ እሬት ነው፤ አፈሩ ዙሪያውን ለስልሷል።

«እዚህ ናት» አለች።

የሰው መሬት ስለካ አንድ ጊዜ እንኳ አንድ ክንድ ስቼ አላውቅም። ቁጭ አልሁ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ የዘንባባ ቀለበቴ ጣቴ ላይ ደረቀ። «ቄስ ጥራ ብለሽኝ ነበር» አልኋት። «አዎ፣ ብዬህ ነበር» አለች። እጄን አልለቀቀችም።

ከዚያ ሜትሩን አወጣሁ፤ ካቢኔው ነገ ነው። ጫፉን ያምሮት ከቅጥሩ ጋር አስጠግታ ያዘችልኝ። አራት ሜትር ከሠላሳ። ቅጹ ላይ ጻፍሁት፣ ወደሚቀጥለውም አለፍን።